ስለ ሆቴሉ ሌላ ሰው ይጻፍላችሁ፣ እኔ ስለ ክሊኒኩ

ሀገር ቤት ለእረፍት ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ትራንስፖርት ነው የሚጽፈው። እኔ ሰው አፍሮ የማያወራውን ልጻፍ። ከአንዲት ሴት ጋር ካደርኩ ከጥቂት ቀናት በኋላ የውስጥ ሱሪዬ ላይ ቢጫ እድፍ አየሁ። ሽንቴም ያቃጥለኝ ጀመር። በዚህ ሰበብ ፋርማሲ፣ ክሊኒክና ላብራቶሪ ዞርኩ። ስማቸውን አልጠራም።

ፋርማሲው ፈጣን ነው፤ ከፍጥነቱ ውጪ ግን የሚመሰገን ነገር አላየሁበትም። ገና «ሽንቴን ያቃጥለኛል» ከማለቴ ልጁ ሲፕሮ የሚባለውን ፀረ-ባክቴሪያ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። መቼ ጀመረህ የለ፣ የማይስማማህ መድኃኒት አለ ወይ የለ። ሲፕሮ ድሮ ለጨብጥ፣ ማለትም እንዲህ ያለ ምልክት ለሚያመጣው በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ፣ የሚታዘዝ መድኃኒት ነበር። ባክቴሪያው ስለተላመደው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለጨብጥ አይመከርም። ደግሞም መድኃኒት ከዋጡ በኋላ የሚሰጥ ናሙና ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። አመስግኜ ወጣሁ።

ክሊኒኩ መቀበያ ላይ ምን እንዳመመህ የሚጠየቀው ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ ነው። ይሄ ይስተካከል። «ከሽንት ጋር የተያያዘ» ብዬ አለፍኩት።

ሐኪሙን ግን ለማንም እመክራለሁ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ሳይሸማቀቁም ሳያሸማቅቁም ጠየቁኝ። ግንኙነቱ መቼ ነበር? ፈሳሹ መቼ ታየ? ኮንዶም ነበር? በአፍስ? የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠብቀውም። ጨብጥ ግን ጉሮሮ ውስጥ ምንም ምልክት ሳያሳይ ተቀምጦ በአፍ ወሲብ ሊተላለፍ ይችላል።

ቀኑን አጥብቀው የጠየቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጨብጥ ወንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ ፈሳሹም ወፍራም፣ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ መግል ነው። ሌላው በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ፣ ክላሚዲያ፣ ቀስ ይላል፤ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ፈሳሹ ቀጠን ያለና ነጣ ያለ ነው፤ ብዙ ሰው ላይ ጭራሽ ምልክት የለውም። «ቀለሙን አይተህ ግን አትፍረድ» አሉኝ። ሁለቱ አብረው ሊይዙ ይችላሉ። ማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየምና ትሪኮሞናስ የሚባሉ በግንኙነት የሚተላለፉ ተህዋሲያን፣ አንዳንዴም የሄርፐስ ቫይረስ ተመሳሳይ ነገር ያመጣሉ።

ደግሞ የሚታየው ሁሉ በሽታ አይደለም። ስሜት ሲነሳሳ የሚወጣ ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ጤናማ ነው። ከግንኙነት በኋላ የቀረ የዘር ፈሳሽም ሰው ያስደነግጣል። ኃይለኛ ሳሙና የሽንት ቧንቧውን ሊያስቆጣው ይችላል። ያልተገረዘ ሰው ላይ ደግሞ ከሸለፈት ሥር የሚጠራቀመው ነጭ ነገር ከውስጥ የወጣ ይመስላል። ሐኪሙ ሳልጠይቃቸው አንድ ነገር ጨመሩልኝ፦ «በየሰዓቱ እየጨመቅክ አትፈትሸው።» መጨመቁ ራሱ ቧንቧውን ሊያስቆጣው ይችላል።

ላብራቶሪ ገባሁ። ጫፉ ላይ ጥጥ ያለው ቀጭን እንጨት ወደ ሽንት ቧንቧው ትንሽ ይገባል። ያማል፤ ግን ዓይን ጨፍነህ እስክትገልጥ ያልቃል። ናሙናው መስታወት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ ቀያይ ባክቴሪያዎች ከታዩ፣ ምልክት ላለው ወንድ ጨብጥ ነው ለማለት በቂ ነው። የኔም እሱው ሆነ። ውጤቱ የደረሰው እዚያው ቁጭ ባልኩበት ነው፤ ለዚህ ሙሉ ነጥብ።

ክላሚዲያ ግን በዚህ መንገድ አይታይም፤ በሽንት የሚሠራ ሌላ ምርመራ አለው። እዚህ ላይ ነው ነጥብ የምቀንስባቸው። ባለሙያዋ ዕቃውን ሰጥታኝ «ሽናና አምጣ» ብቻ አለችኝ። ለዚህ ምርመራ የሚፈለገው መጀመሪያ የሚወጣው ሽንት ነው፤ ለተለመደው የሽንት ምርመራ ደግሞ መሀል ላይ ያለው ነው የሚወሰደው። ከዚያ በፊትም ቢያንስ ለ1 ሰዓት አለመሽናት ያስፈልጋል። እኔ ጠይቄ ነው ያወቅኩት፤ ያልጠየቀው ተሳስቶ ይሰጣል።

ሕክምናው ቂጥ ላይ የሚወጋ አንድ የሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው። የክላሚዲያው ውጤት እስኪመጣ ተብሎ ዶክሲሳይክሊን ለ7 ቀን ታዘዘልኝ። ነርሷ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ፔኒሲሊን ይስማማህ እንደሆነ ብላ ጠየቀች፤ ፋርማሲው ያላደረገውን። የመርፌው መጠን እንደየሀገሩ መመሪያ ይለያያል፤ ከዚህ ጽሑፍ ቀድታችሁ እንዳትገዙ።

ሐኪሙ ለልጅቷም የሚሆን ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ጨብጥ ሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ካልታከመ ግን ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቹ ወጥቶ መካን ሊያደርግ ይችላል። ደወልኩላት። ተቆጣች፣ ስልኩን ዘጋችው፣ ማምሻውን «የት ነው ክሊኒኩ?» ብላ ጻፈችልኝ። ሁለታችንም ታክመን 7 ቀን እስኪያልፍ ግንኙነት ክልክል ነው።

የኤችአይቪና የቂጥኝ ደምም ሰጠሁ፤ ግን ገና ነው። ፈጣኑ የኤችአይቪ ምርመራ አስተማማኝ መልስ ለመስጠት ከግንኙነቱ በኋላ እስከ 90 ቀን ሊፈልግ ስለሚችል፣ ወደምኖርበት ስመለስ እደግመዋለሁ። ከግንኙነት በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ ከግንኙነቱ ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ምልክት እስኪታይ የጠበቀ ሰው ሊያመልጠው ይችላል።

በረራ ላላችሁ፦ ከክሊኒኩ ስትወጡ የተወጋችሁትን መድኃኒት ስምና መጠን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለኔ የሰጡኝ ጠይቄ ነው፤ የክላሚዲያውን ውጤት ግን ራሳቸው በኢሜይል ላኩልኝ።