ለጀማሪና ለክፍል የቱ ይሻላል? የውሃ ቀለም፣ ፖስተር ወይስ አክሪሊክ

የዘይት ቀለም ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል፤ የማቅጠኛው ሽታም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ያዞራል። ስለዚህ ለጀማሪ የሚቀሩት በውሃ የሚቀጥኑ ሦስት ናቸው፦ የውሃ ቀለም፣ ፖስተር ቀለም (ወፈር ያለና የታችኛውን የሚሸፍን) እና አክሪሊክ (ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን)።

የውሃ ቀለም በዋጋው ያታልላል። ባለ 12 ቀለሙ ሳጥን ቢረክስም ገንዘብ የሚበላው ወረቀቱ ነው። የፎቶ ኮፒ ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ገደማ ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ቀለሙ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ ይጠራቀምና ሥዕሉ ይዥጎረጎራል፤ ተማሪው ግን ጥፋቱን ከራሱ ይቆጥረዋል። ቢያንስ 200፣ ቢቻል 300 ግራም ወረቀት ገዝቶ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ከጣውላ ጋር ማጣበቅ ያስፈልጋል። በጅማ ክረምት ደግሞ አየሩ እርጥብ ስለሆነ የመጀመሪያው ቅብ ቶሎ አይደርቅም። ግማሽ ደርቆ ሳለ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ካረፈበት አዲሱ ውሃ የቀደመውን ቀለም እየገፋ ዳሩ የተሸራረፈ እድፍ ይተዋል። በእጅ ጀርባ ሲነካ የሚቀዘቅዝ ወረቀት ገና አልደረቀም።

50 ተማሪ ላለበት ክፍል ምርጫችን ፖስተር ቀለም ነው። ሸፋኝ ስለሆነ ስህተቱ ሲደርቅ በላዩ ይቀባል፤ ሃርድ ፔፐርም ይበቃዋል። ባለ 500 ሚሊ ሊትር ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ይግዙ፤ ቢጫና ነጭ ቀድመው ስለሚያልቁ ከሁለቱ አንዳንድ ይጨምሩ። አረንጓዴ ሲያዘጋጁ ከቢጫው ተነስተው ሰማያዊውን በብሩሽ ጫፍ ጠብ ያድርጉ፤ ከሰማያዊው ከተጀመረ የቢጫው ጠርሙስ ባዶ ይቀራል። ቀዩ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ይሁን። ወደ ብርቱካን የሚያደላው ከሰማያዊ ጋር ሲቀላቀል ወይን ጠጅ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ይሆናል። ውፍረቱ እንደ እርጎ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ድክመቱ ከደረቀ በኋላም ውሃ የሚፈታው መሆኑ ነው፦ ሁለተኛውን ቅብ እየደጋገሙ ካሹት የታችኛው ተነስቶ ይጨቀያል። በውሃ የቀጠነውን ወደ ጠርሙሱ አይመልሱ፣ ይሸታል። ሥራዎቹ ሳይደርቁ ከተደራረቡ ይጣበቃሉና ሲባጎ ላይ ይሰቀሉ።

አክሪሊክ ስስ ሆኖ ሲቀባ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይደርቃል፤ ከደረቀ ውሃ አይፈታውም። ለደራራቢ ሠዓሊ በረከት ነው፣ ለብሩሽ ግን ሞት። ዩኒፎርም ላይ ከደረቀም አይለቅም። ለብቻው ለሚማር አዋቂ እንመክረዋለን፤ ሸራ መግዛትም የለበትም፣ ካርቶን ላይ በውሃ የሚቀጥን ነጭ የግድግዳ ቀለም 2 ጊዜ ቀብቶ ማድረቅ ይበቃል።

ለሦስቱም 8 ቁጥር ክብና 12 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ብሩሽ ይበቃል። ክቡን አርሰው ሲያራግፉት ጫፉ ካልሾለ አይግዙት። የውሃ ዕቃው ለሁለት የተቆረጠ ሃይላንድ ነው፤ አንዱ ለማጠቢያ፣ ሌላው ለንጹሕ ውሃ።

ቀለሙ እስኪገዛ ድረስ ጨለማና ብርሃን በቡና መለማመድ ይቻላል። የተረፈውን አቦል አጥልለው ግማሹ እስኪቀር ያፍሉት፤ በአንድ ረድፍ 5 ሳጥን ሥለው፣ ከአንዱ ወደሚቀጥለው ሲያልፉ ውሃ እየጨመሩ ከጠቆረው እስከ በረካ ድረስ ያቅጥኑት። ስኳር የገባበት ግን አይሆንም፤ ወረቀቱ ላይ ሙጫ ሆኖ ይቀርና ጉንዳን ይጠራል።