የቦታን መልክ በስክሪን ለማንበብ፦ ጉግል ኧርዝ ፕሮ እና ስትሪት ቪው ሲመዘኑ

ጣሪያ ለምን እንደሾለ፣ ታፔላ ለምን ከሕንጻው በልጦ እንደሚታይ ለማጥናት በእግር መሄድን የሚተካ ነገር የለም። እግር በማይደርስበት ግን ሁለት የጉግል መሣሪያዎች፣ ምድርን ከላይ በሳተላይት ምስል የሚያሳየው ኧርዝ ፕሮ እና መንገድን ከመሬት በፎቶ የሚያሳየው ስትሪት ቪው፣ በእርግጥ ይጠቅማሉ፤ አንዱን በሌላው ቦታ እስካልተጠቀሙ ድረስ። ስትሪት ቪው የዘመነኛውን የብዙኃን ባህል፣ ማለትም በየሀገሩ ተመሳስሎ የሚስፋፋውን ባህል፣ ገጽታ አጉልቶ ያሳያል። ሀገረሰባዊው፣ ማለትም ከአንድ አካባቢ ልማድና መሬት የወጣው፣ ገጽታ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነበበው ከሰማይ፣ በኧርዝ ፕሮ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ካሜራው ከተጫነበት ነገር ነው። የስትሪት ቪው ካሜራ በአብዛኛው ከመኪና ጣሪያ ላይ ነው የሚያየው። የፈጣን ምግብ ቤቱ፣ የነዳጅ ማደያው፣ የገበያ ማዕከሉ መልክም የተሠራው ለአሽከርካሪ ዓይን ነው፦ ታፔላው ከፍ ይላል፣ ፊደሉ ይገዝፋል፣ መኪና ማቆሚያው ከፊት ይዘረጋል፣ ሕንጻው ወደ ኋላ ይሸሻል። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር ከገባባቸው አምስት ከተሞች አንዷ ላስ ቬጋስ ነበረች፤ ታፔላ ከግድግዳ በላይ የሚናገርባትን ከተማ ለማየት ከዚህ የተሻለ መስኮት አይገኝም። በአሪዞናዋ ሴዶና ደግሞ የአካባቢው ሰዎች ከቀዩ ዐለት ጋር አይሄድም በማለታቸው የማክዶናልድስ ቅስት ቢጫ ሳይሆን ሰማያዊ አረንጓዴ ነው። የአንድን ድርጅት ቅርንጫፎች በሁለት ከተማ በስትሪት ቪው አይቶ ማነጻጸር የአካባቢ ደንብ ምን ያህል እንደሚገፋ ወዲያው ያሳያል።

በቻይና ፉጂያን የሚገኙት ቱሎው የተባሉ የአፈር ግድግዳ መኖሪያዎች ግን ከመንገድ ሲታዩ ግንብ ብቻ ናቸው፤ ኑሮው ያለው ከውስጥ ነው። ከላይ ሲታዩ ግን ክቡ ይወጣል፤ ከእነዚህ አንዱ በሆነው በቼንግቺ ሎው አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡትን አራት ቀለበቶች መቁጠር ይቻላል። በጃፓን ሺራካዋ ጎም ቁልቁል የወረደው የሣር ክዳን ለበረዶ መሆኑን ከመንገድ ይረዱታል፤ ቤቶቹ በሸለቆው አቅጣጫ ተሰልፈው ንፋስና ፀሐይን እንዴት እንደሚያስተናግዱ ግን የሚገባዎት ከሰማይ ሲያዩ ነው።

ለሁለቱም ባህል የሚሆን አንድ ምሳሌ ካስፈለገ ጎልፍ ይሁን። በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ሜዳው የባሕር ዳሩን አሸዋማ መሬት ተከትሎ ይጠማዘዛል፤ የአሸዋ ጉድጓዱም ከመሬቱ የተወለደ ነው። ጨዋታው ዓለምን ሲያዳርስ አሸዋውም ሣሩም አብረው ተጓዙ። ካሊፎርኒያ ፓልም ስፕሪንግስን ሲከፍቱ ቡናማው በረሃ ላይ በቢላ የተቆረጠ የመሰለ አረንጓዴ የጎልፍ ሜዳ ያያሉ። ሁለቱን በአንድ ከፍታ አስቀምጦ ጠርዛቸውን ማየት ብቻ ብዙ ያስተምራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በኧርዝ ፕሮ ማስመሪያውን ተጠቅመው ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ይከልሉ። መጀመሪያ የጣሪያ ቅርጽንና የመግቢያ አቅጣጫን ይመዝግቡ። ቀጥሎ ስትሪት ቪውን የሚከፍተውን የቢጫ ሰው ምልክት በየ100 ሜትሩ እየጣሉ የግድግዳውን ቁስ፣ የታፔላውን ቋንቋ፣ ማቆሚያው ከፊት ነው ከኋላ የሚለውን ይጻፉ። ለውጥ ለማየት በኧርዝ ፕሮ የቀድሞ ምስሎችን የሚያወጣውን የሰዓት ምልክት ይጫኑ፤ በስትሪት ቪው ደግሞ የቀድሞ ቀኖችን ይክፈቱ። ይህ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 የተጨመረ ሲሆን፣ ከሁሉም ባህርያቱ ትልቁን ዋጋ የምንሰጠው ለእሱ ነው፤ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ በዓይን ይታያልና።

ስህተት የሚበዛው ቀን ላይ ነው። አንድ ስክሪን ላይ ያለው ምስል ከተለያየ ዓመት የተሰፋ ሊሆን ይችላል፤ ሲያቀርቡትም ቀኑ ይቀየራል። ስለዚህ እያንዳንዱን ስክሪንሾት ከነቀኑ ያስቀምጡ። ረጃጅም ሕንጻዎች በሳተላይት ምስል ላይ ያዘነብላሉ፤ ሲለኩ ከጣሪያው ሳይሆን ከእግሩ ይለኩ። የሦስት አቅጣጫ ሕንጻዎችን ያጥፉ፤ ቀጭን የጣሪያ ክፈፍንና የሣር ክዳንን እንደቀለጠ ሰም ያደርጋቸዋል። በስትሪት ቪው ሰፊው ሌንስ ጠባብን መንገድ ሰፊ ያስመስላል፤ ስፋትን በዓይን አይገምቱ፣ ከላይ ይለኩ። በባለቤት ጥያቄ የደበዘዙ ቤቶችን ከቆጠራው ያውጡ።

መኪና በማይገባባቸው ጠባብ መንደሮች ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጎብኚዎች የጫኑት፣ ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ ፎቶ ነው። ይህ ዋነኛው ድክመት ነው። ጎብኚ የሚያነሳው ያማረውን ጥግ ነው፤ ከጀርባ ያለውን የብሎኬት ቅጥያና የሳተላይት ዲሽ ይተወዋል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ «መንደሩ አልተለወጠም» ብሎ መጻፍ ከባድ ስህተት ነው። ፎቶው በተነሳበት ነጥብ ዙሪያ ያሉትን ጣሪያዎች ከላይ ይቁጠሩ፤ የሚያብረቀርቁት ቆርቆሮዎች ስንት እንደሆኑ ከፎቶው ጋር ያስተያዩ።