ፈትል ጋቢ፣ «ፈትል ነው» የተባለ ጋቢ እና የቻይና ብርድ ልብስ

ሰኔ በገባ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ጋቢ ከየት ልግዛ?» «ስንት ቢሉኝ ልክ ነው?» «የቻይናው አይሻልም?» ከዓመት ዓመት ጥያቄው አንድ ነው። አምና ሐምሌ ላይ ራሴ ተሸውጄ ከገዛሁ ወዲህማ ጓደኞቼ እንደ ባለሙያ ያዩኝ ጀምረዋል። አንዴ የተበላ ሰው ያውቃል ብለው ይሆናል። እንግዲህ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይህንኑ ልላክ።

ከወዲሁ ልናገር፦ ገለልተኛ አይደለሁም። የፈትል ጋቢ ወገን ነኝ። እናቴ በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ስመረቅ ያለበሰችኝ ጋቢ ዘንድሮ 14ኛ ክረምቱን ይዟል። ያኔ የተገዛው በ480 ብር ነው። አምና ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ይዛው ሄደች። የራሷን ጃንጥላ ረስታ የኔን ጋቢ አልረሳችም። ገበያ የወጣሁትም፣ የተሸወድኩትም በዚሁ ሰበብ ነው።

የባሕር ዳር ክረምት እንደ ደብረ ብርሃን አጥንት ሰርስሮ አይገባም። የኛ ጣጣ እርጥበት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ ካልሲ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም። ቁም ሳጥን ሲከፈት የሻጋታ ሽታ ይቀበላችኋል። ጨው እንኳን ዕቃው ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ይሄን ሁሉ የሚያስረሳኝ አንድ ሰዓት አለ። ከሥራ ገብቼ፣ ጭቃ የጠገበውን ጫማ በር ላይ አውልቄ፣ ደረቅ ካልሲ አጥልቄ፣ ጋቢዬን ደርቤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ። የዜጌ ቡና ከሰል ላይ እየተንተከተከ ዝናቡ ከጣና ላይ ነጭ ግድግዳ መስሎ ሲመጣ አያለሁ። ጣሪያው ላይ እስኪደርስ እቆጥራለሁ። ለዚህ ሰዓት ገንዘብ ባወጣ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ በማይረባ ነገር ላይ ሳወጣው ነው።

አሁን ወደ ቁጭቴ። ቅዳሜ ገበያ የገባሁት ዝናብ እያባረረኝ ነበር። የበረደው ሰው ፊቱ ያስታውቃል መሰለኝ፣ ልጅቷ ከሩቅ ለየችኝ። «የኔ ቆንጆ፣ ነይ ይሄን እይ፣ ንጹህ ፈትል ነው» አለች። 3,400 ብር ጠራች። ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ 2,600 ላይ ተስማማን። 800 ብር በማስቀነሴ ደስ ብሎኝ ባጃጁን እንኳን ሳልከራከር ነው የከፈልኩት።

ጋቢው ሲዳስሱት ወፍራም ነው፤ ደንደን ይላል። ገበናው የወጣው ሳጥበው ነው። የዘፈዘፍኩበት ውሃ እንደ አጥሚት ነጣ። ውፍረቱ ስታርች ነበር ለካ። ደርቆ ወደ መብራት ከፍ አድርጌ ሳየው አምፖሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሳምንቱ ድመቷ ጥፍሯን ሰክታ ስትጎትተው አንድ ክንድ ያህል ተተረተረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የኔ ጋቢ ድር ድመት አቃተው።

ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። 150 ብር አስከፍሎ ጠቀመው። መርፌው ባረፈበት ሁሉ ከጎኑ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። ተመለስኩ፣ ሌላ 150 ብር። በመጨረሻ አንድ የሰፈራችን ሰው ሽማግሌ ሸማኔ ጠቆመኝና እሳቸው ጋ ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ከተቀመጡበት ጉድጓድ ሳይወጡ ጫፉን በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄ ጥጥ አይደለም» አሉ። ጫፉ ላይ ከተንጠለጠለው አንድ ክር መዘው ክብሪት ጫሩ። ክሩ አልነደደም። ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጫፉ ላይ የጎመን ዘር የምታክል ጥቁር ደረቅ ኳስ ቀረች። የሸተተኝ የተቃጠለ ፌስታል ነው። ከጥገናው ጋር 2,900 ብር ከፍዬ ክረምቱን ፌስታል ለብሼ ከርሜያለሁ ማለት ነው። ዘንድሮ በር ላይ ለእግር መጥረጊያ አደረግሁት። ውሃ ስለማይጠጣ ለዚያም አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ ክብሪት ከቦርሳዬ አይለይም። አስፈቅዳችሁ አንዲት ክር ከጫፉ ምዘዙና አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ ሽታውም የወረቀት ነው፣ የሚቀረው ሲነኩት የሚበን ግራጫ አመድ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ክብሪቱ ጥጥ መሆኑን እንጂ በእጅ መፈተሉን አይነግራችሁም። የፋብሪካ የጥጥ ክርም እንዲሁ ነው የሚነደው። የእጅ ፈትልን የሚለየው ዓይን ነው። ክሩ እዚህ ጋ ወፈር፣ እዚያ ጋ ቀጠን ይላል። እንዝርት ማሽን አይደለም። ከዳር እስከ ዳር በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ ክር ካያችሁ የሰው ጣት አላጠነጠነውም።

አንዳንዱ ደግሞ ነገሩን ያከርረዋል። ድሩም (በቁመት የሚወጠረው ክር) ማጉም (በአግድም የሚገባው) ፈትል ካልሆነ ብሎ ገበያ ለገበያ ሲዞር ክረምቱ ያልፍበታል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተማ ልጅ ስለሆንኩ አዳላሁ አትበሉኝ እንጂ የፋብሪካ ድር ነውር የለውም። ዛሬ ጥሩ ከሚባለው ጋቢ ብዙው ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ ፈትል ነው። ሙቀቱ ያለው ማጉ ላይ ነው። ለስለስ ተደርጎ የተፈተለ ማግ አየር ይይዛል፣ ጋቢው ደግሞ አራት እጥፍ ነው። ማጉን አጥብቃችሁ መርምሩ፣ ድሩን ተዉት።

አሁን ስለ ዋጋ። ዘንድሮ ዝግጁ ጋቢ መግዛት ትቼ አሠራሁ። እያንዳንዱን ብር ደብተር ላይ ጽፌአለሁ። ማጉ 3,000 ብር። ድሩ 700። የጥለቱ ክር 250። የጋሼ የእጃቸው 1,200። ማስቋጫ 150። ድምር 5,300 ብር። እውነቱን ልናገር፣ ደብተሩን ዘግቼ ትንሽ ታመምኩ።

ማጉን የፈተሉልኝ የጎረቤታችን እናት ናቸው። ጥጡን ዳምጠው፣ ፍሬውን አውጥተው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን ጠቅልለው፣ ከዚያ እንዝርት። ከጥር እስከ ግንቦት ቡና በጠጣን ቁጥር እንዝርቷ ጭናቸው ላይ ስትሽከረከር አይቻለሁ። ወሬ አያቋርጡም፣ ክሩም አይበጠስም። ልቃቂቶቹን በዘንቢል ሲያስረክቡኝ ዓመል አይለቅምና «እትዬ፣ ትንሽ ቀነስ ያድርጉልኝ» አልኩ። «እንዝርቷን ልስጥሽና ፍተይው» አሉኝ። 3,000 ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁ።

እንዲህ አስሉት። የእናቴ ጋቢ 14 ክረምት ይዟል፣ እኔ ግን ልጠንቀቅና አዲሱን ለ10 ክረምት ላካፍለው። ለአንድ ክረምት 530 ብር ይመጣል። ያ ጉደኛው ለአንድ ክረምት 2,900 በላ። ሲገዛ ግማሽ ዋጋ መስሎኝ ነበር።

የቻይናውን ለስላሳ ብርድ ልብስ የምትጠብቁትን ያህል አላማውም። በ2013 ገዝቼ ሦስት ክረምት አገልግሎኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት 1,100 ብር ይጠሩት የነበረውን ዘንድሮ 1,900 ይሉታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ እንዲህ ሆኗል። 1,900ን ለሦስት ክረምት ስታካፍሉት 633 ብር ነው። ከፈትሉ በ103 ብር ብቻ ነው የሚበልጠው። አንድ ጊዜ 5,300 ማውጣት ለማይችል ሰው ይህ መጥፎ ሂሳብ አይደለም። ደግሞ ቶሎ ይደርቃል። በሐምሌ ማታ ብታጥቡት፣ ፀሐይ ባይወጣም በማግስቱ ትለብሱታላችሁ። በዚህ ከተማ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ጋቢዬ እዚህ ላይ ይሸነፋል።

ጣጣው ሌላ ነው። ሌሊት ያልባል፣ ሲገልጡት ይበርዳል። ጨለማ ውስጥ ሲጎትቱት ጧ ጧ እያለ ብልጭታ ያወጣል። በሁለተኛው ዓመት ላዩ ኳስ ኳስ ይሠራል። ከሁሉ የባሰው ከከሰል ጋር አይስማማም። የኔው የሞተው ቡና ሳፈላ ነው። አንዲት ፍንጣሪ ዘላ ጉልበቴ ላይ አረፈች። ሳራግፋት የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ፣ ዙሪያው እንደ ጥፍር የደረቀ። ያ ጠርዝ እግሬን ይጭረኝ ነበር። በጋቢዬ ላይም ያው ፍንጣሪ ወድቃ ታውቃለች። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቡናማ ነጥብ ትታ ጠፋች። ጥጥ አይቃጠልም እያልኩ አይደለም፣ ይቃጠላል፤ ግን ቀልጦ ገላ ላይ አይጣበቅም። ሕፃን ያለበት ቤት ይሄን ያስብበት።

ስለ ውበቱ ብዙ አላወራም። ነብር የታተመበት ብርድ ልብስ ደርቦ ለቅሶ የሚሄድ ሰው አላየሁም። ጋቢ ግን አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ነው፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ማታ ማኅበር ላይ ይቀመጣል። እኔ በጂንስ ላይ ጣል አድርጌው ሱቅ ድረስ እወጣለሁ። ጥለቱን ቀጭንና አንድ ቀለም ብታስደርጉ ከሁሉም ልብስ ጋር ይሄዳል። ባለ አምስት ቀለሙ ወፍራም ጥለት ያምራል፣ ግን ለብቻው 400 ብር ይጨምራል፤ ርካሹ ቀለም ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ነጩን ያጠፋዋል። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ጥለቱን ፈትጉት። ቀለም ከነካው ተዉት።

አጠባው ላይ ብዙ ጋቢ ይሞታል። ክረምት እስኪጋመስ አትጠብቁ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ አጥባችሁ ለዝናቡ ግቡ። ቀጣዩ እጥበት መስከረም ነው። በመሃል ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር አስጡት፣ ሽታ ካመጣ በወይራ ጭስ እጠኑት። ስታጥቡት አትጭመቁት፤ ውሃውን አንጠፍጥፋችሁ ሁለት ሰው ዳርና ዳር ይዞ ይወጥረው። በረኪና በፍጹም። የአንዷ ጓደኛዬ ጋቢ በበረኪና በረዶ መሰለ፣ በሦስተኛው ወር እንደ እርጥብ ወረቀት በእጅ ይቀደድ ጀመር።

እትዬ እስከ ዛሬ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። ያነጣል፣ ጥጡን አይጎዳም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት፣ ከውሃ የሚይዘውን የትል በሽታ፣ ቢልሃርዝያን፣ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ማለቴ ነው፣ በዚሁ እንዶድ ነበር። ቢልሃርዝያ እኛም ዘንድ አለ። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ገብታችሁ ከምታጥቡ እቤት በሳፋ እጠቡት።

ሸማኔ የማያውቅ ሰው አውራምባን ያስብ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት ማኅበረሰብ ሽመና መተዳደሪያው ነው፤ ሴቱም ወንዱም ይሸምናል። መንገዱ ሰላም ሲሆን ለራሱም መሄጃ ጥሩ ነው። ብቻ ክብሪታችሁን እዚያም ያዙ፤ እኔ ማንንም አላምንም።

ስለዚህ ለሚጠይቁኝ የምመልሰው ይሄ ነው። 5,000 ብር አካባቢ ካለህ ፈትል አሠራ፣ ግንቦት ላይ። ከሌለህ የቻይናውን ግዛ፣ አትፈር፣ ከከሰል አርቀው። ከ2,500 እስከ 3,000 መሃል «ንጹህ ፈትል» ብለው የሚጠሩልህን ግን እለፈው። በዚያ ዋጋ ማጉ ራሱ አይገኝም።

ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ከገበያ ደወለልኝ። «2,900 ብለውኛል፣ ንጹህ ፈትል ነው ይላሉ፣ ልውሰደው?» አለ።

«ክብሪት ይዘሃል?» አልኩት።

ሳቀ። ስልኩን ሳይዘጋ ሲጭር ሰማሁት። ሻጯ ስትጮህበትም ሰማሁ።