የዲስክ ታካሚዎቻችንን አቁመው ለሚያስኬዱ ፊዚዮቴራፒስቶች ምስጋና

በየመንግሥት ሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ለምትሠሩ ባለሙያዎች፣ እግዜር ይስጥልን። እኛ በአጥንት ተመላላሽ ክፍል ሆነን «ዲስክ ነው»፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል ተጎድቷል ብለን የምንልክላችሁን ሰው ይዛችሁ የምትለፉት እናንተ ናችሁ፤ ታካሚው ግን ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው መድኃኒት ያዘዘለትን ነው። ስለዚህ ምስጋናችንን በአደባባይ እንጽፋለን፤ ወገቡን ይዞት እስከ ባቱ እየወረደ ለሚያመው ሰውም ወደ እነሱ ሂድ ብለን እንጠቁማለን።

ጎበዝ ፊዚዮቴራፒስት በማሽን አይጀምርም። በጀርባ አስተኝቶ፣ ጉልበት ሳይታጠፍ እግርን ቀስ አድርጎ ያነሳል። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መሐል ሕመሙ ከጉልበት በታች ከተወረወረ የነርቭ ሥር (ነርቩ ከአከርካሪ የሚወጣበት መነሻ) መነካቱን ይጠረጥራል። ከዚያ በተረከዝ፣ ቀጥሎም በጣት ጫፍ ያስኬዳል። በተረከዝ መሄድ ያቃተው ወይም አውራ ጣቱን ወደ ላይ መቀልበስ የተሳነው ሰው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤል 4 እና ኤል 5 በሚባሉት አራተኛና አምስተኛ የወገብ አከርካሪ አጥንቶች መካከል ነው፤ በአንድ እግሩ ጣት ጫፍ ደጋግሞ መነሳት ያቃተው ደግሞ ከዚያ ሥር፣ ኤል 5 እና ኤስ 1 (ከወገብ በታች ያለው የመጀመሪያው አጥንት) መካከል። ኤምአርአዩ ላይ «ቡልጅ» (የዲስክ ማበጥ) የሚል ቃል አይቶ የደነገጠውን የሚያረጋጉትም እነሱ ናቸው። ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሱም እንዲህ ያለው ለውጥ በብዛት ይታያል፣ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይጨምራል። ወጥቶ ነርቭ የተጫነ ዲስክ እንኳ በወራት ውስጥ በራሱ የሚኮማተርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከሁሉ የምናደንቅላቸው ሕመሙ ወዴት እንደሚሄድ መከታተላቸውን ነው። ይህን ኒውዚላንዳዊው ፊዚዮቴራፒስት ሮቢን ማኬንዚ በአውሮፓውያን 1956 አስተውሎ ያስፋፋው ነው፦ ወገብ ወደ ኋላ ሲቃና ሕመሙ ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገቡ ላይ ለጊዜው ቢብስም መልካም ምልክት ነው። ወደ እግር ጣት ከወረደ ግን እንቅስቃሴው ይቆማል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሆድ ተኝቶ 2 ወይም 3 ደቂቃ ዝም ብሎ መቆየት። ከዚያ በክርን ተደግፎ ደረትን ቀና አድርጎ እንደዚያው ያህል መቆየት። ይህ ካላባሰው መዳፍን ትከሻ ሥር አድርጎ በክንድ ጉልበት ብቻ ደረትን ወደ ላይ መግፋት፣ 10 ጊዜ፣ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ዳሌውን አብሮ እያነሳ ነው፤ ያኔ ወገቡ አይቃናም፣ የሚለፋው ክንዱ ብቻ ይሆናል። ሁሉም ሰው ደግሞ በዚህ አይሻለውም። ሲቆሙና ሲራመዱ እግራቸው የሚደነዝዝ፣ ጎንበስ ሲሉ የሚቀላቸው እናቶችና አባቶች የነርቭ መተላለፊያቸው ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ወደ ኋላ መቃናት ሊያብስባቸው ይችላል። ከስልክ ቪዲዮ አይቶ ከመጀመር በፊት ባለሙያ ይይህ የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ቤት ኑሮ የሚጠይቁትም ያስመሰግናቸዋል። ቡና የሚፈላው ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው? ልብስ የሚታጠበው መሬት ላይ በተቀመጠ ሳፋ ነው? ሳፋው ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ እጅ ከማንጠልጠል ሁለት ባለ 10 ሊትር ግራና ቀኝ መያዝ ይሻላል። ዲስክ ሌሊት ውሃ መጥጦ ስለሚያድር፣ ጠዋት ከአልጋ በወረዱበት የመጀመሪያ ሰዓት ከማጎንበስ መቆጠብ ነው። በዐቢይ ጾም የሚሰግዱትን ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ፣ ሶላት የሚሰግዱትን ሕመሙ እስኪበርድ ወንበር ላይ ሆነው እንዲሰግዱ በአክብሮት የሚነግሩ ባለሙያዎች አሉ። ታካሚው ምክሩን ቤቱ ወስዶ የሚሠራበት እንዲህ ሲከበር ነው።

ድካማቸውን ከንቱ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ መተኛት ነው። ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያሰንፋል፤ 10 ደቂቃ የእግር መንገድ በቀን 3 ጊዜ ይበልጣል። ሙቀትና ማሽን ለጊዜው ያስታግሳሉ እንጂ ብቻቸውን አያቆሙም። ሌላው ሕመሙ ጋብ ሲል መቅረት ነው፤ ጡንቻ ማጠንከሩ ገና የሚጀምረው ያኔ ነው። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ዘርግቶ እስከ 10 ሴኮንድ መያዝ፣ ከዚያ መቀየር፣ ወገብ ሳይወዛወዝ። እግሩ እየደነዘዘ ወጌሻ ጋ ሄዶ ወገቡን በኃይል የሚያስጠመዝዝ ሰው ደግሞ በጣም ያሳስበናል።

ቀጠሮ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ። መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ሰገራ ካመለጠ፣ የእግር መዳፍ በድንገት ወድቆ ወደ ላይ አልነሳ ካለ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ስትሄዱ ሰፋ ያለ ሱሪ ልበሱ፤ ፊልሙንና የምትወስዱትን መድኃኒት ያዙ። ወረፋው ረዝሞ በየሳምንቱ መመላለስ ካልተቻለ በግልጽ ንገሯቸው፤ የቤት እንቅስቃሴውን አሳይተው፣ እናንተም ፊታቸው ሠርታችሁ እንድታሳዩ አድርገው፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ይሏችኋል።