ለአሮጌ መኪና የሚሸጥ «ኤክስቴንድድ ዋራንቲ»፦ ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ኡበር ወይም ሊፍት ለመሥራት የምታስቡ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከ100 ሺህ ማይል በላይ ለሄደ መኪና «ኤክስቴንድድ ዋራንቲ» (የተራዘመ ዋስትና) ገዝቼ፣ መኪናው ሲበላሽ አንድ ዶላር እንኳ ሳይከፈልልኝ ስለቀረ ነው። የሸጠልኝን ድርጅት ስም አልጠራም፤ የእነዚህ ድርጅቶች ውሎች በአብዛኛው ስለሚመሳሰሉ አንዱን ስም ብቻ መሸሽ አያድናችሁም።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። ዋራንቲ አምራቹ ወይም ሻጩ ከመኪናው ጋር የሚሰጠው፣ ዋጋው በመኪናው ዋጋ ውስጥ የተካተተ ዋስትና ነው። ለብቻው ገንዘብ የሚከፈልበት ግን የጥገና አገልግሎት ውል ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ውሉን የሚሸጥላችሁ አንድ ድርጅት፣ መኪናው ሲበላሽ ይከፈል ወይም አይከፈል ብሎ የሚወስነው ደግሞ ሌላ ድርጅት ነው። በዚህ ምክንያት ለአቤቱታ ወደ ፈረማችሁበት ቢሮ ብትመለሱ፣ ያ ሰው የሚሰጣችሁ መልስ የስልክ ቁጥር ብቻ ይሆናል።

የእኔ መኪና የ2012 ሞዴል ሲሆን ስገዛው 118 ሺህ ማይል ሄዶ ነበር። በዋጋው ተስማምተን ወደ ፋይናንስ ክፍሉ ስገባ የተቀበለኝ የአገር ልጅ ነበር፤ «ወንድሜ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ካምቢዮው ቢሄድብህ አምስት ሺህ ዶላር ከየት ታመጣለህ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልሱ ግን እሱ የዘረጋልኝ ወረቀት አልነበረም። የውሉን ጠቅላላ ዋጋ ሳይጠራ «በወር 62 ዶላር ብቻ ይጨምራል» ብሎ አለፈው። ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ሳገላብጥ የውሉ ዋጋ 2,850 ዶላር እንደሆነና በመኪናው ብድር ላይ ተደምሮ በ11 በመቶ ወለድ ለ60 ወራት እንደምከፍለው አየሁ፤ ሲሰላ ወደ 3,718 ዶላር ይደርሳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ውሉ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ወይም ለ36 ሺህ ማይል፣ ቀድሞ ለሞላው መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ለሚያመላልስ ሰው 36 ሺህ ማይል የአንድ ዓመት ሥራ ነው፤ ዕዳው ግን አምስት ዓመት ይቆያል።

በአስራ አንደኛው ወር ካምቢዮው መንሸራተት ጀመረ። መኪናውን አስጎትቼ ጋራዥ ካደረስኩት በኋላ መካኒኩ ለዋስትናው ድርጅት ስልክ ሲደውል፣ ብልሽቱ ከየት እንደመጣ ለማየት ካምቢዮው ወርዶ መፈታት እንዳለበት፣ የክፍያ ጥያቄው ተቀባይነት ካላገኘም የማውረዱንና የመፍታቱን ሥራ ዋጋ እኔ እንደምከፍል ተነገረው። የዚህ ሥራ ዋጋ 740 ዶላር ነበር። በማግስቱ ከድርጅቱ የተላከ መርማሪ መጣና የወረደውን ካምቢዮ፣ በገንዳ የተቀመጠውን የጠቆረ ዘይት፣ የማይል ቆጣሪውን፣ በመጨረሻም መኪናውን ከፊት ለፊት ፎቶ አንስቶ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ የደረሰኝ ደብዳቤ ሁለት አንቀጽ ብቻ ነበረው፦ አንደኛው ጉዳቱ በአገልግሎት ብዛት ቀስ በቀስ የደረሰ ማለቅ እንጂ ድንገተኛ ብልሽት አይደለም የሚል፣ ሁለተኛው መኪናው ለንግድ ሥራ ውሏል የሚል ነው። ለሁለተኛው ማስረጃ ሆኖ የተያያዘው ፎቶ በፊት መስታወቱ ጥግ የለጠፍኩትን የኡበር ምልክት ያሳያል። ስፈርም ኡበር እንደምሠራ ለሻጩ በአማርኛ ነግሬው ነበር፤ ውሉ ግን በቃል የተነገረ ነገር ዋጋ እንደሌለው በዘጠነኛው ገጽ ላይ ይናገራል።

የአሮጌ መኪናን ጠባይ የሚያውቅ ሰው «የማይሸፈኑ» የሚለውን ገጽ ሲያነብ መኪናው በእርጅናው የሚያመጣውን ጣጣ ሁሉ በዝርዝር ተጽፎ ያገኘዋል። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ባትሪ የባለቤቱ ወጪ መሆናቸው አያስገርምም። ነገር ግን 120 ሺህ ማይል የሄደ መኪና በብዛት የሚያስቸግረው ዘይት እንዳይፈስ በሚያግዱት በፓራዮሊዮና በጋርኒሲዮን በኩል በሚንጠባጠብ ዘይት፣ በተበላ ጎሚኒ፣ በደከመ አሞርዛተር ነው፤ እነዚህንም ብዙ ውሎች ያስቀራሉ፣ ወይም በከፍተኛ ክፍያ ብቻ ይጨምራሉ። ትልልቆቹ ክፍሎች ማለትም ሞተርና ካምቢዮ «ተሸፍነዋል» ቢባልም፣ ብልሽቱ ውሉ ከመፈረሙ በፊት የጀመረ ነው ወይም በማለቅ የመጣ ነው ከተባለ አይከፈልም። ይህን የሚወስነው ደግሞ ከፋዩ ራሱ ነው። ዘይት በየጊዜው መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ የሌለው ሰውም፣ ለምሳሌ ዘይቱን በግቢው ራሱ የሚቀይር፣ ከመጀመሪያው ተሸንፏል ማለት ይቻላል።

በስልክና በፖስታ የሚመጣው ግብዣ ሌላው ጣጣ ነው። «የመኪናዎ ዋስትና ሊያልቅ ነው» የሚለውን ጥሪ ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 በሦስት ወር ውስጥ ብቻ ከአምስት ቢሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ጥሪ ባደረገ አንድ ቡድን ላይ በ2023 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣት ጥሏል። በቴሌቪዥን የሚታወቅ ስምም ዋስትና አይሆንም፦ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያው አሳሳች ነው ብሎ የከሰሰው የእነዚህ ውሎች ሻጭ ካርሺልድ በ2024 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በነጻ ያላችሁን እወቁ። በአምራቹ ጥሪ፣ ማለትም በሪኮል፣ የሚጠገን ጉድለት መኪናው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ባለቤት ጋ ቢደርስም ያለ ክፍያ ይሠራል፤ የመኪናውን መለያ ቁጥር በመንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ብቻ ይበቃል። ካታሊቲክ ኮንቨርተር (የጭስ ማጣሪያው) እና የሞተሩ ኮምፒውተር በፌዴራል ሕግ ለ8 ዓመት ወይም ለ80 ሺህ ማይል በአምራቹ ዋስትና ሥር ናቸው። ቶዮታም ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሀይብሪድ ባትሪ የ10 ዓመት ወይም የ150 ሺህ ማይል ዋስትና ይሰጣል፤ ስለዚህ የ2020 ፕሪየስ የሚገዛ ሰው «ባትሪው ይሸፈናል» ተብሎ ውል ሲሸጥለት፣ ያለውን ነገር መልሶ እየገዛ ሊሆን ይችላል።

ውሉ ለማንም አይጠቅምም አልልም። የፋብሪካ ዋስትናው ገና ያላለቀ መኪና ያለው፣ ከአምራቹ ራሱ የሚገዛ፣ መኪናውን ለግል ብቻ የሚነዳ ሰው ሊጠቀምበት ይችል ይሆናል፤ ዋጋውንም እንደ መኪናው ዋጋ መከራከር ይቻላል። 100 ሺህ ማይል ላለፈ መኪና ግን በእኔ ግምት ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን መካኒክ ወስዳችሁ ማስመርመር፣ ከዚያም በወር የሚጠየቀውን ያህል ገንዘብ በተለየ ሂሳብ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ካምቢዮው ባይበላሽ ገንዘቡ የእናንተው ነው። ውሉን የግድ እገዛለሁ የሚል ሰው ደግሞ ናሙና ሳይሆን በስሙ የሚፈረመውን ውል ቤቱ ወስዶ ያንብብ። «ዛሬ ካልፈረምክ ዋጋው ይጨምራል» ከተባለ ወረቀቱን ትቶ ይውጣ።

ፈርማችሁ ከሆነ የመሰረዣውን አንቀጽ ዛሬውኑ ፈልጉ። ብዙ ውሎች በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ሙሉ ገንዘቡን ይመልሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ያገለገለው ጊዜ ወይም ማይል፣ የበለጠው ተሰልቶ፣ ይቀነሳል። እኔ ስሰርዝ 31 ሺህ ማይል ነድቼ ስለነበር የአገልግሎት ክፍያ 50 ዶላር ተቀንሶ 346 ዶላር ተመለሰ፤ እሱም ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለአበዳሪው ነው የተላከው። ወርሃዊ ክፍያዬ አልቀነሰም።