ካንዴላውን አስቀድሞ የሚነቅለው ጋራዥ

ደብረ ብርሃን የአንድ ግቢ አትክልተኛ ነኝ። ክረምት ሲገባ ሣሩ ፋታ አይሰጥም፤ ማጨጃ ማሽኑ ደግሞ ልክ ያኔ ይለግማል። ሐምሌ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ አልነሣም ሲለኝ፣ በባጃጅ ጭኜ ጠባሴ ወዳለች አንዲት ጠባብ ጋራዥ ወሰድኩት።

መጀመሪያ ግን የጣቴን ጉድ ልንገራችሁ። ዓምና ሌላ ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ ቢላውን የሚፈታው ልጅ "ጋሼ፣ እስቲ ያዙልኝ" አለኝ። ያዝኩለት። ብሎኑን ሲታገል ቢላው ዞረ፣ ሞተሩም ቱፍ ብሎ ተነሣ። የግራ መሐል ጣቴ አምስት ቦታ ተሰፋ። የኅዳር ውርጭ ሲመጣ አሁንም ይጠዘጥዘኛል። ሕክምናውን አሠሪዬ ቻለኝ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም ግዴታው ነው ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ የኔም ነበር። እጀታው ላይ ያለችው ዘንግ ስትለቀቅ ሞተሩን የምታጠፋ ናት። እኔ እጄ እንዳይደክም ብዬ በሽቦ ጠፍሬያት ነበር።

የጠባሴው መካኒክ ሰላምታውን ሳይጨርስ የካንዴላውን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) ገመድ ነቅሎ በጨርቅ ጠቀለለው። "ባትሪ የለውም ብለው አይናቁት፤ ቢላው ሲዞር ማግኔቱ ራሱ እሳት ይሰጣል" አለኝ። ቤንዚኑን ቀዳ። ማሽኑን ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ወደ ላይ እንዲሆን አጋደመው። ቢላውን በእጁ አልያዘም፤ ጉማጅ እንጨት ወሽቆ ነው ብሎኑን የፈታው። እኔን "ወዲያ ቁሙልኝ" ብሎ አባረረኝ።

ጭሱም ምክንያት ነበረው። ከ2,700 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ቤንዚኑን ቀነሰለት፣ ካንዴላውን አጸዳ፣ ቢላውን ሳለ። 1,800 ብር ከፈልኩ። አሁን በአንድ ስበት ይነሣል።

ያልወደድኩትም አለ። ማክሰኞ ተብዬ ዓርብ ነው የወሰድኩት። ረዳቱ ልጅ ደግሞ ግራይንደሩን ያለ መነጽር ይዞ ፍንጣሪው ፊቱ ላይ ይረግፋል። ብጠይቀው "ተሰብሮ ነው" አለኝ። የኔን ካንዴላ እንዲያ የሚጠነቀቅ ሰው የልጁን ዓይን እንዴት ይረሳል?

ልወስደው ስል ሽቦዬ የለችም። መልስልኝ አልኩት።

"እሷን ከፈለጉ ዓምና የሄዱበት ይሂዱ" አለኝ።

ይኸው ዘንጓን ጨብጬ አጭዳለሁ። እጅ ያዝላል።