መሙን ሳታዩ ፈረስ አትምረጡ፦ ስድስቱ የእንግሊዝ ኦል ዌዘር ሜዳዎች ሲነጻጸሩ

የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ከሚከታተሉ የጅማ ጓደኞቼ በብዛት የሚቀርብልኝ ጥያቄ “ዛሬ ማታ ዎልቨርሃምፕተን ላይ የትኛው ፈረስ ይሻላል?” የሚል ነው። እኔም ሁልጊዜ በጥያቄ እመልሳለሁ። ፈረሱ ያለፉትን ውድድሮች የሮጠው የት ነው?

ጥያቄው ከጅማ ልጆች መምጣቱ አይገርምም። አባ ጅፋር የሚለው ስም ራሱ የፈረስ ስም ነው። የጋሪ ፈረስም የዕለት ተዕለት ኑሯችን አካል ነው። አዲሱ ነገር የእንግሊዝን ውድድር በስልክ እየተከታተሉ ትኬት መቁረጥና ጥቆማ፣ ማለትም “ይህ ፈረስ ያሸንፋል” የሚል ምክር፣ በብር መግዛት ነው። ይህን ንጽጽር የምጽፈው ብራቸውን ከማውጣታቸው በፊት ቆም ብለው ማሰብ ለሚፈልጉ ነው። ከመካከላችን ብዙዎች በሃይማኖታቸው ምክንያት ውርርድ አይነኩም። ውድድሩን ማየት ብቻ ለሚወዱትም ያው መረጃ ይጠቅማል፤ ማን ለምን እንዳሸነፈ ሲገባ ማየቱ ራሱ ይጣፍጣል።

ዝናቡ ሲበረታ የኳስ ሜዳ ምን እንደሚሆን ጅማ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የእንግሊዝ የሣር ሜዳም በክረምታቸው እንደዚያው ነው። ስለዚህ አሸዋን ከሰው ሠራሽ ጭረትና ከሰም ጋር ቀላቅለው ውሃ ወደታች የሚያሳልፍ መም ሠሩ፤ ኦል ዌዘር የሚባለው ይህ ነው። በእንግሊዝ የመጀመሪያው የኦል ዌዘር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1989 ሊንግፊልድ ላይ ተካሄደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስሙ በዝናብም በፀሐይም የሚሮጥበት ይበል እንጂ ከባድ ጭጋግና በረዶ ዛሬም ውድድር ያሰርዛሉ።

አሁን ሜዳዎቹ ስድስት ናቸው። ሊንግፊልድ፣ ኬምፕተንና ቼልምስፎርድ ፖሊትራክ የተባለውን ንጣፍ ይጠቀማሉ። ዎልቨርሃምፕተን፣ ሳውዝዌልና ኒውካስል ደግሞ ታፔታን። ታፔታን የፈጠረው ማይክል ዲኪንሰን ነው። ይህ ሰው በ1983 የቼልተንሃም ጎልድ ካፕ በሚባለው ታላቅ የመሰናክል ውድድር ላይ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የወጡትን ፈረሶች በሙሉ ያሠለጠነ ነው። ፈረስን በዚህ ልክ የሚያውቅ ሰው የሠራውን መም እኔ በአክብሮት ነው የማየው።

ብዙ ሰው ግን እዚህ ላይ ይቆምና “ይህ ፈረስ ኦል ዌዘር ላይ ሁለቴ አሸንፏል” ብሎ ይመርጣል። ይህ አይበቃም። ቡና ስንገዛ “የጅማ ቡና ነው” የሚለው ብቻ መች ይበቃናል? የታጠበ ነው ወይስ ደረቅ ብለን እንጠይቃለን።

ልዩነቱ ከሁሉም ጎልቶ የሚታየው ዎልቨርሃምፕተንና ኒውካስል ላይ ነው። ንጣፋቸው አንድ ነው፤ ታፔታ። ቅርጻቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ዎልቨርሃምፕተን ጠባብ ሞላላ ነው። ዙሩ 1,600 ሜትር ገደማ ሲሆን ከመጨረሻው ኩርባ እስከ መጨረሻው መስመር ያለው ቀጥታ 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከኋላ የቀረ ፈረስ ለመድረስ ጊዜ ያጥረዋል። በኩርባው ላይ ወደ ውጭ ከተገፋ ደግሞ ረጅም መንገድ ይሮጣል። ስለዚህ እዚያ ቶሎ ተነስቶ ከፊት ወይም ከመሪው ጀርባ የሚቀመጥ፣ መነሻ ሳጥኑም (ሩጫው ሲጀመር የሚነሳበት በር) ወደ ውስጥ የሆነ ፈረስ ይመቸኛል። በተለይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ ከፍ በሚለው ርቀት ከመጨረሻዎቹ የውጭ ሳጥኖች የሚነሳን ፈረስ በጣም ጥሩ ምክንያት ካላገኘሁ አልነካውም።

ኒውካስል የዚህ ግልባጭ ነው። ታፔታ የተነጠፈለት በ2016 ነው። ከ1,000 እስከ 1,600 ሜትር ያሉት ውድድሮች ያለ አንዲት ኩርባ በቀጥታ መስመር ይሮጣሉ። በእንግሊዝ ኦል ዌዘር ላይ 1,600 ሜትር ሙሉ ቀጥታ ያለው እሱ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ ደግሞ ዳገት አለ። ከፊት የሚመራው ፈረስ ዙሩን ካከረረ ዳገቱ ላይ ይደክማል። ትንፋሹን ቆጥቦ የመጣው ጨራሽ ያልፈዋል። የመነሻ ሳጥን ቁጥርም እንደ ዎልቨርሃምፕተን አያስጨንቅም። እዚያ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አጨራረስ። ከዕለቱ ርቀት ትንሽ ረዘም ባለ ውድድር አሸንፎ የሚያውቅ ፈረስ ካለ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለኛል፤ ዳገቱ ጉልበት ይጠይቃልና።

ሁለት ፈረሶች እናስብ። አንደኛው ዎልቨርሃምፕተን ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መርቶ በተከታታይ ሁለቴ አሸንፏል። ሁለተኛው ኒውካስል ላይ ከኋላ ተነስቶ አንዴ ሁለተኛ፣ አንዴ ሦስተኛ ወጥቷል። ወረቀት ላይ አንደኛው ይበልጣል። ሁለቱ ኒውካስል ላይ ሲገናኙ ግን እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሰዉ በብዛት ሁለቱን ድሎች አይቶ ወደ አንደኛው ስለሚሄድ የሁለተኛው ኦድም (ፈረሱ ካሸነፈ ያስያዛችሁት ብር የሚባዛበት ቁጥር) ከፍ ብሎ ይጠብቃል። ዎልቨርሃምፕተን ላይ ቢገናኙ ምርጫዬ ይገለበጣል፤ አንደኛው ከውጭ ሳጥን ካልተነሳ በስተቀር።

ሊንግፊልድና ኬምፕተን ሁለቱም ፖሊትራክ ናቸው። ኬምፕተን ላይ ፈረሶቹ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ከስድስቱ ወደ ቀኝ የሚያዞረው እሱ ብቻ ነው። ወደ ግራ ብቻ ሮጦ የለመደ ፈረስ እዚያ ኩርባ ላይ ሲቸገር ይታያል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ጊዜው ከሆነ እጠነቀቃለሁ። ኬምፕተን ሁለት ዙሮችም አሉት። የ1,000 እና የ2,000 ሜትር ውድድሮች በውስጠኛው ጠባብ ዙር ይሮጣሉ። ሌሎቹ በውጭኛው ሰፊ ዙር። በውጭኛው ያሸነፈን ፈረስ “ኬምፕተንን ያውቀዋል” ብሎ በውስጠኛው መምረጥ ግማሽ እውቀት ነው።

ሊንግፊልድ ላይ ደግሞ የመጨረሻው ኩርባ ቁልቁለት አለው። ብዙ ጊዜ ሩጫው ቀስ ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ ወደ ፍጥነት ይቀየራል። እዚያ ጉልበተኛ ግን ዘገምተኛ የሆነ ፈረስ አይሆንም። ቅጽበታዊ ፍጥነት ያለው፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር ቦታውን ይዞ የተገኘ ነው የሚያሸንፈው። የጋላቢው ብልሃት ከሌሎቹ ሜዳዎች የበለጠ የሚታየኝም እዚህ ነው።

ቼልምስፎርድ ላይ ብዙ አልቆይም። በ2008 በሌላ ስም ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፣ በ2015 እንደገና ተከፈተ። ሞላላ ነው፣ የመጨረሻው ቀጥታም አጭር ነው፤ ከፊት የሚሮጥ ፈረስ ይመቸዋል።

ሳውዝዌል ግን አንድ ወጥመድ አለው። እስከ 2021 ድረስ ንጣፉ ፋይበርሳንድ የሚባል ከባድና ጥልቅ አሸዋ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ ታፔታ ተቀየረ። በእንግሊዝ የውድድር ዝርዝር ላይ ከፈረሱ ስም አጠገብ “ሲ” (C) የምትባለው የላቲን ፊደል ካለች እዚያው ሜዳ አሸንፎ ያውቃል ማለት ነው። “ዲ” (D) ከሆነች በዚያው ርቀት አሸንፏል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተጻፉ በዚያው ሜዳ በዚያው ርቀት። ዕድሜው የገፋ ፈረስ ሳውዝዌል ላይ “ሲ” ካለው ቀኑን ፈልጉ። ድሉ ከለውጡ በፊት ከሆነ የዛሬው መም ላይ ምንም አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ሰው የሚመርጠው በሦስት መንገድ ነው። ዝቅተኛ ኦድ ያለውን ፌቨሪት መያዝ፣ በቴሌግራም ጥቆማ መግዛት፣ ወይም ራስ አንብቦ መወሰን።

ፌቨሪት ከሦስት ውድድር አንዱን ያህል ያሸንፋል። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ኦዱ ግን ያንን አስቀድሞ ቆጥሮታል። አንድ ስሌት እንይ። በስድስት ፈረሶች ውድድር ኦዶቹ 2.50፣ 4.00፣ 5.00፣ 8.00፣ 10.00 እና 16.00 ናቸው እንበል። 100ን ለእያንዳንዱ ስታካፍሉ 40፣ 25፣ 20፣ 12.5፣ 10 እና 6.25 ይመጣል፤ ኦዱ ለእያንዳንዱ ፈረስ የሰጠው የማሸነፍ ዕድል በመቶኛ ማለት ነው። ድምሩ 113.75 ነው። ከ100 በላይ ያለው 13.75 የአወራራጁ ድርሻ ነው። ፌቨሪትን ሁልጊዜ የሚከተል ሰው ይህንን ድርሻ ቀስ እያለ ሲከፍል ይኖራል።

የሚሸጥ ጥቆማ ከሦስቱ ሁሉ የከፋው ነው፤ ይህን ሳላለሳልስ እናገራለሁ። ያሸነፈውን ትኬት ፎቶ ይለጥፋሉ፣ የተበላውን ያጠፋሉ። አንዳንዱ ለአንዱ ቡድን አንድ ፈረስ፣ ለሌላው ቡድን ሌላ ፈረስ ይልካል። ከዚያ ያሸነፈለትን ቡድን “ቪአይፒ ግቡ” ይላል። “አስቀድሞ የተወሰነ ውድድር ነው፣ ውጤቱ ታውቋል” የሚል ካጋጠማችሁ ወዲያው ውጡ። ሻጩን የምትፈትኑበት ቀላል መንገድ አለ። ያለፉትን ጥቆማዎች በሙሉ፣ የተበሉትንም ጨምሮ፣ ከውድድሩ በፊት ከነበረው ኦድ ጋር እንዲያሳይ ጠይቁት። ካላሳየ አትክፈሉ።

ራስን ችሎ ማንበብ ጊዜ ይወስዳል፤ የእኔ ምርጫ ግን እሱ ነው። መረጃው በነፃ ይገኛል። የሚያስወጣው የኢንተርኔት ብቻ ነው። ፈረሱ የማሸነፍ ዕድሉ 25 በመቶ ነው ብላችሁ ካመናችሁ ከ4.00 በታች በሆነ ኦድ አትያዙት። የቤት ኪራይና የልጅ ደብተር የሚገዛበት ብር ግን እዚህ ሒሳብ ውስጥ ጭራሽ አይግባ።

በስክሪን ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሚሮጠው ቨርቹዋል ፈረስ ከዚህ ንጽጽር ውጭ ነው። እዚያ ፈረስም መምም የለም፤ ውጤቱን የሚወስነው ኮምፒውተር በዘፈቀደ የሚያወጣው ቁጥር ነው። ያለፈውን ውጤት ማጥናት ምንም አይጨምርም፣ ለእሱ ጥቆማ የሚሸጥ ሰውም የሚሸጠው ነገር የለውም።

የምሽት ውድድር የምትከታተሉ ሰዓቱን ልብ በሉ። በእነሱ ክረምት በሦስት ሰዓት፣ በበጋቸው በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። በእነሱ ክረምት እዚያ ማታ 12 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት) የሚጀምር ውድድር ጅማ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከመጀመሩ በፊት ከውድድሩ የወጡትን ፈረሶች ዝርዝር እንደገና እዩ። ኒውካስል ላይ ጨራሽ መርጣችሁ ዙሩን ያከርራል የተባለው ፈረስ ከውድድሩ ከወጣ ሩጫው ይቀዘቅዛል፣ መሪውም ዳገቱ ላይ ጉልበት ይተርፈዋል። ያን ጊዜ ምርጫችሁን ተዉትና ቀጣዩን ውድድር ጠብቁ።